ባሕር የተሻገረው ድንበር

ቅኝ ገዥ ሰንደቅ ዓላማውን አውርዶ ከያዘው አገር ሲወጣ ያመጣውን ሁሉ ጠቅልሎ አይሄድም። የደነገገው ሕግ፣ የመዘገበው መዝገብ፣ የዘረጋው የባቡር ሐዲድ ከኋላው ይቀራል። ከእነዚህ ሁሉ ዕድሜው የሚረዝመው ግን ያሰመረው ድንበር ነው። ሕግ በሌላ ሕግ ይሻራል፤ ሐዲድም ያረጃል። ድንበር ግን ዘብ ይቆምለታል፣ መዝሙር ይወጣለታል፣ ትውልድ ይማገድለታል። ሰው አገሩን ለቆ ሲሰደድም አብሮት ይሰደዳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦገስት 1947 በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ሕንድ ተከፍላ ሕንድና ፓኪስታን የተባሉ ሁለት መንግሥታት ተመሠረቱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ወቅት በፑንጃብና በቤንጋል ስለፈሰሰው ደም ብዙ ተጽፏል። ብዙም ያልተጻፈለት ክፍፍሉ ከክፍለ አህጉሩ ውጭ በእንግሊዝ፣ በካናዳ፣ በአሜሪካና በምሥራቅ አፍሪካ ተበትነው በሚኖሩት ማኅበረሰቦች ላይ ያሳደረው ጠባሳ ነው። ጉዳዩ በቅርብ ሲመረመር ሁለት እውነቶች ይገለጣሉ። አንደኛው፣ ከእነዚህ ስደተኞች ብዙዎቹን ከቀያቸው ያፈናቀለው ራሱ ድንበሩ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያው ድንበር በሰፈሩበት አገር ሁሉ እየተከተለ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲለይ መኖሩ ነው። ይህም ሆኖ ሠርቶ አደሩ በጋራ ጥቅሙ ዙሪያ በቆመበት ጊዜ ሁሉ መስመሩን ተሻግሮት ማለፉን ታሪክ ይመሰክራል።

መከፋፈሉ እንዴት ተዘጋጀ

በክፍለ አህጉሩ ሂንዱው፣ ሙስሊሙና ሲኩ ለብዙ ዘመናት በአንድ መንደር ጎን ለጎን ኖረዋል። በመካከላቸው ልዩነት አልነበረም፣ ጠብም ተነሥቶ አያውቅም ማለት ታሪክን ማሳመር ይሆናል። በማዕድና በጋብቻ እምብዛም አይገናኙም ነበር። ይሁንና የፑንጃብ ገበሬ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን በቋንቋው ፑንጃቢ፣ የቤንጋሉም ገበሬ ቤንጋሊ ነበር። የመኸሩ ዘፈንና የባለርስቱ ጭቆና ለሁሉም አንድ ነበር። ሃይማኖት የማንነቱ አንድ ክፍል እንጂ በመንግሥት ፊት የሚጠራበት ብቸኛ ስሙ አልነበረም።

ይህን የለወጠው የቅኝ አገዛዙ አሠራር ነው። በ1857 የሂንዱና የሙስሊም ወታደሮች በአንድነት ተነሥተው በእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ላይ ባመፁ ጊዜ ገዥዎቹ የተገዥዎች አንድነት ለሥልጣናቸው ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ተረዱ። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በየአሥር ዓመቱ የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ እያንዳንዱን ሰው በሃይማኖት ዓምድ ሥር መደበው። በ1905 እንደራሴው ሎርድ ከርዘን ቤንጋልን ለሁለት ከፈሉ፤ ተቃውሞው ስለበረታ ክፍፍሉ በ1911 ተሻረ። በ1909 የወጣው የምክር ቤቶች ሕግ ደግሞ ሙስሊሞች በተለየ የምርጫ መዝገብ የራሳቸውን ተወካዮች እንዲመርጡ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣን ፈላጊ የሆነ ሁሉ ድምፅ የሚያገኘው የመንደሩን የጋራ ችግር በማንሣት ሳይሆን የሃይማኖት ወገኑን በማስፈራራት ሆነ። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንደሚባለው በቆጠራ ቅጽ የተጀመረው መለያየት በድንበር ተፈጸመ።

ኃላፊነቱን ሁሉ በእንግሊዞች ላይ ብቻ መጫን ግን ሚዛናዊ አይሆንም። የኮንግረስም ሆነ የሙስሊም ሊግ መሪዎች ሥልጣንን ለመጋራት የሚያስችል የጋራ መንገድ ለማግኘት ሳይችሉ ቀርተዋል። ከኋላቸውም መሬታቸውንና ገበያቸውን ለማስጠበቅ የሃይማኖት ጥላን የተጠለሉ ባለርስቶችና ከበርቴዎች ነበሩ። በኦገስት 1946 በካልካታ በተቀሰቀሰው እልቂት በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲገደሉ ገጀራውን ያነሣው የአገሩ ልጅ ነበር። ቅኝ ገዥው መሣሪያውን ስሎ አስቀመጠ፤ የአገሬው ገዥ መደቦችም አንሥተው ተጠቀሙበት።

ከዚያ በፊት የነበረው አንድነት ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1941 በከረን ተራሮች ላይ የፋሺስት ኢጣሊያን ጦር ከገጠሙት ኃይሎች መካከል አራተኛውና አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ይገኙበት ነበር። ሲኩ፣ ሂንዱውና የፑንጃቡ ሙስሊም በአንድ ሠራዊት ተሰልፈው በዚያ ገደል ላይ አብረው ወደቁ። በእርግጥ ያ ሠራዊት የኢምፓየሩ ሠራዊት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ እንደ ቤት ዕቃ ተቆጥሮ ለሁለት ሲከፈል ግን በአንድ ጉድጓድ ያደሩ ወታደሮች የሁለት ጠላት አገሮች ወታደሮች ሆኑ፤ 1947 ሳይጠናቀቅም በካሽሚር ጦርነት ገጠሙ።

አምስት ሳምንት የፈጀ ሥራ

በፌብሩዋሪ 1947 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌመንት አትሊ መንግሥታቸው እስከ ጁን 1948 ድረስ ሥልጣኑን እንደሚያስረክብ አስታወቁ። አዲሱ እንደራሴ ሎርድ ማውንትባተን ይህን ቀጠሮ በአሥር ወር አሳጠሩት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያደከመው ኢምፓየር ዕዳው ከብዶት፣ እሳቱ እየቀረበው ስለነበር ለመውጣት ቸኩሏል። በጁን 3 ቀን የመከፈሉ ዕቅድ ይፋ ሆነ።

ድንበሩን እንዲያሰምሩ የተሾሙት ሰር ሲሪል ራድክሊፍ የተባሉ የለንደን ጠበቃ ነበሩ። ሕንድን ከዚያ በፊት ረግጠዋት አያውቁም። በጁላይ 8 ቀን ሲደርሱ ለሥራው የተሰጣቸው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነበር። ለፑንጃብና ለቤንጋል በተቋቋሙት ሁለት የድንበር ኮሚሲዮኖች ከኮንግረስና ከሙስሊም ሊግ ወገን እኩል ቁጥር ያላቸው ዳኞች ስለተሰየሙ ስምምነት ጠፋ፤ ውሳኔው ለአንድ ሰው ተተወ። በጠረጴዛቸው ላይ የነበረው ካርታና የ1941 የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥ ነው። በዚያ መሠረት መንደርን ከገበያው፣ ቦይን ከወንዙ፣ ቤተ እምነትን ከምእመናኑ የሚለይ መስመር ተሰመረ።

ፓኪስታን በኦገስት 14፣ ሕንድ በኦገስት 15 ነጻነታቸውን አከበሩ። ድንበሩ ለሕዝብ የተገለጸው በኦገስት 17 ቀን ነው። ስለዚህ በሁለቱ የበዓል ቀናት በድንበሩ አቅራቢያ የሚኖር ሚሊዮን ሕዝብ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ በእርግጥ ሳያውቅ ነጻ ወጣ። ራድክሊፍ ወረቀቶቻቸውን አቃጥለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በሰው ልጅ ታሪክ ከታዩት ታላላቅ መፈናቀሎች አንዱ ተከተለ። ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መስመሩን ወዲህና ወዲያ ተሻገረ። የሞቱት ብዛት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግምቱ ከ200 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ተጠለፉ። ሬሳ የጫኑ ባቡሮች ላሆርና አምሪትሳር ገቡ። በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

መስመሩ የወለደው ስደት

የእስያ ስደተኞች በእንግሊዝ አገር እንዴት በዙ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ድህነት ነው። ድህነት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ድሃ የሆነው የክፍለ አህጉሩ ሕዝብ ሁሉ አልተሰደደም። ወደ እንግሊዝ የሄደው ሠራተኛ በአብዛኛው ከጥቂት ወረዳዎች የተነሣ ነው፤ ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ ምሥራቅ ፑንጃብ፣ ሚርፑርና ሲልሄት ናቸው። ሦስቱም ክፍፍሉ የቆረጣቸው ወይም ያናወጣቸው አገሮች ናቸው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ከምሥራቅ ፑንጃብ እንጀምር። በምዕራብ ፑንጃብ የመስኖ ቦዮች ዳር ለም መሬት ያለሙ የሲክ ገበሬዎች በ1947 ሁሉንም ጥለው ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ። ከምዕራብ የመጡት ሂንዱዎችና ሲኮች ጥለውት የመጡት መሬት ወደ 6.7 ሚሊዮን ኤከር ሲገመት በምሥራቅ ሙስሊሞች ጥለውት የሄዱት 4.7 ሚሊዮን ያህል ነበር። ስለዚህ ለተፈናቃዩ የተሰጠው መሬት ካጣው እየተቀነሰ ነው። በጃለንደር ዙሪያ መሬቱ ከቀድሞም ጠባብ፣ ሕዝቡም የተጨናነቀ ነበር። ከአባቱ የሚደርሰው ቁራሽ መሬት እንደማይበቃው ያየ ወጣት የመርከብ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ገዛ። በለንደን አጠገብ ያለችው ሳውዝሆልና በመካከለኛው እንግሊዝ ያሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ተሞሉ።

ሚርፑር ሁለተኛው ምሳሌ ነው። የራድክሊፍ መስመር ፑንጃብን ሲቆርጥ የወንዞቹን የላይኛውን ክፍልና የውኃ መክፈቻዎቹን ለሕንድ፣ ከቦዮቹ ብዙዎቹን ለፓኪስታን አደረገ። በኤፕሪል 1948 ወደ ፓኪስታን ቦዮች የሚሄደው ውኃ ለጊዜው ተቋረጠ። ሁለቱ አገሮች በውኃ ሲካሰሱ ቆይተው በ1960 በዓለም ባንክ ሸምጋይነት የኢንደስ ውኃ ስምምነትን ተፈራረሙ። በዚያ ስምምነት መሠረት ፓኪስታን ለሕንድ በተተዉት ወንዞች ምትክ ውኃ የምታጠራቅምበት ግድብ አስፈለጋት። የማንግላ ግድብ በጄለም ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ1967 ሲያልቅ የቀድሞዋን የሚርፑር ከተማ ውኃ ዋጣት፤ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብም ተፈናቀለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀድሞ በመርከብ ሥራ ወጥተው የሰፈሩትን ዘመዶቻቸውን ተከትለው ወደ ብራድፎርድና ወደ በርሚንግሃም ተጓዙ። በለንደን ጠበቃ እጅ የተሰመረ መስመር ውኃውን ከፈለ፤ የውኃው መከፈል ግድብን አስገነባ፤ ግድቡ ያፈናቀለው ገበሬም በእንግሊዝ የሱፍ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ላይ ተገኘ።

ሦስተኛው ሲልሄት ነው። ይህ ወረዳ በጁላይ 1947 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከአሳም ተነጥሎ ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን ገባ። የሲልሄት ሰዎች ከጥንት በእንግሊዝ የንግድ መርከቦች የሞተር ክፍል የሚሠሩ ባሕረኞች ነበሩ፤ ሥራ የሚይዙትም በካልካታ ወደብ ነበር። ድንበሩ ሲሰመር ካልካታ የባዕድ አገር ከተማ ሆነች፤ ባሕረኛውም ከእንጀራው ተቆረጠ። ብዙዎች በምሥራቅ ለንደን ቀሩ፤ በ1971 ባንግላዴሽን የወለደው ጦርነትና ከዚያ ወዲህ የተከተለው ችግር ቤተሰቦቻቸውን አስከተለ። ዛሬ በእንግሊዝ ከተሞች የሕንድ ምግብ ቤት የሚል ጽሑፍ ከተሰቀለባቸው ቤቶች ብዙዎቹን ያቋቋሙት የሲልሄት ሰዎች ናቸው። አያቱ የተወለደው በእንግሊዝ ሕንድ፣ አባቱ በፓኪስታን፣ እርሱ ራሱ በባንግላዴሽ ነው፤ ቀበሌው ግን አልተለወጠም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእንግሊዝ ካፒታል ጥቅም ግልጽ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎቹ የሰው እጅ አጥሯቸው ስለነበር የ1948 የዜግነት ሕግ ለቀድሞ ተገዥዎች የመግቢያውን በር ክፍት አደረገ። ጉልበቱ ሲበቃቸው በ1962 በሌላ ሕግ በሩን አጠበቡት። ሠርቶ ለመመለስ የወጣው ሰው በሩ ከኋላው እንዳይዘጋበት ሚስቱንና ልጆቹን አስመጣ፤ ጊዜያዊው ኑሮም የዘለቄታ ሆነ።

በስደት የተከተለው ግድግዳ

ከመከፈሉ በፊት በባሕር ማዶ የነበረው ሕንዳዊ ራሱን የሚያውቀው በአንድ ስም ነበር። በ1913 በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የተመሠረተው የጋዳር ፓርቲ የእንጨት ፋብሪካ ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችንና ተማሪዎችን ያቀፈ ሲሆን ሲክ፣ ሂንዱና ሙስሊም አብረው ቅኝ አገዛዝን ይታገሉበት ነበር። በ1914 ኮማጋታ ማሩ የምትባለው መርከብ 376 መንገደኞች ይዛ ቫንኩቨር ስትደርስ ካናዳ አላስገባም ብላ መለሰቻት። ከመንገደኞቹ አብዛኞቹ ሲኮች ሲሆኑ ሙስሊሞችና ሂንዱዎችም ነበሩባት። ወደ ካልካታ አቅራቢያ ተመልሰው ሲወርዱም የእንግሊዝ ጥይት ተቀበላቸው። የዘር አጥርም ሆነ የቅኝ ገዥ ጥይት ከሦስቱ ሃይማኖቶች መካከል አልመረጠም።

በምሥራቅ አፍሪካም እንዲሁ ነበር። ከ1896 ጀምሮ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን ሐዲድ ለመሥራት ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች በአብዛኛው ከፑንጃብ በኮንትራት መጡ፤ ወደ 2,500 የሚጠጉት በሥራው ላይ ሞቱ። የእነርሱና ኋላ የተከተሏቸው ነጋዴዎች ልጆች በናይሮቢ በአንድ የሕንዳውያን ማኅበር ሥር ሲሰበሰቡ ኖረዋል። ከ1947 በኋላ ግን ማኅበራቱ ይሰነጣጠቁ ጀመር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም የኬንያ ቅኝ አገዛዝ በምክር ቤቱ ለእስያውያን የመደበውን ወንበር የሙስሊምና የሙስሊም ያልሆኑ ብሎ ለየው። የፑንጃብ መስመር በናይሮቢ የምርጫ መዝገብ ላይ ዳግም ተሰመረ ማለት ነው። በአንጻሩ፣ ዛሬ በፓኪስታን ክልል በሚገኘው በጉጅራንዋላ አውራጃ የተወለደው ሲኩ ማክን ሲንግ በኬንያ አፍሪካውያንንና እስያውያንን ያቀፈ የሠራተኛ ማኅበር ያደራጀው በዚያው ዘመን ነው። በ1950 ለምሥራቅ አፍሪካ ሙሉ ነጻነት ይሰጥ ብሎ በአደባባይ በመጠየቁና ሠራተኛውን በማስተባበሩ እስከ 1961 ድረስ በግዞት ቆየ። አገዛዙ በሃይማኖት የሚለያየውን ሲያስተናግድ በመደብ የሚያስተባብረውን አሰረ።

አንዳንዶች ደግሞ መሬታቸው ሳይቆረጥ አገር አልባ ሆነዋል። የሲንድ ጠቅላይ ግዛት እንዳለ ለፓኪስታን ሲደርስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሂንዱ ሲንዲዎች ለቀው ወጡ። ከዚያ ቀደም ብለው በሆንግ ኮንግ፣ በጅብራልታርና በሌሎችም ወደቦች ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎቻቸው ለጥቂት ዓመት ነግደን እንመለሳለን ያሉበት ቤት በድንገት የባዕድ አገር ቤት ሆነባቸው። በሕንድ ውስጥ ለፑንጃቢው ፑንጃብ፣ ለቤንጋሊው ምዕራብ ቤንጋል ሲኖረው ሲንዲው የራሱ ክፍለ ሀገር የለውም። ቋንቋውን ለልጆቹ የሚያስተላልፈው በቤቱና በማኅበሩ ብቻ ነው።

ግድግዳው ዛሬም በወረቀት ላይ ይታያል። በ1991 የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዘር ሲጠይቅ ሕንዳዊ፣ ፓኪስታናዊ፣ ባንግላዴሻዊ የሚሉ ሣጥኖች አቀረበ። ከ1870ዎቹ የጀመረው የመደብደብ አሠራር ክብ ሠርቶ ወደ ለንደን ተመለሰ። ከዚህ የባሰው የሕንድ መንግሥት ከ2005 ጀምሮ ለባሕር ማዶ ትውልደ ሕንዳውያን የሚሰጠው መታወቂያ ነው። ይህ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ በአገሩም ያኖራል። ነገር ግን ራሱ፣ ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ የፓኪስታን ወይም የባንግላዴሽ ዜጋ የነበረ ሰው አያገኘውም።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት በለንደን በአንድ ሠፈር ያደጉ ሁለት ወጣቶችን እናስብ። የአንዱ ቅድመ አያት በ1947 ከጃለንደር አጠገብ ካለ መንደር በእግሩ ወደ ምዕራብ የተሰደደ ሙስሊም ነው። የሌላው ቅድመ አያት ከምዕራብ ወደዚያው መንደር የተሰደደ ሲክ ነው፤ ምናልባትም ሙስሊሙ ጥሎት በሄደው ቤት ገብቷል። ሁለቱም ወጣቶች የእንግሊዝ ዜጎች ናቸው፤ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ አንድ መንደር ለማየት ይመኛሉ። አንደኛው መታወቂያውን አሳይቶ ይገባል። ሁለተኛው ቅድመ አያቱ የተወለደበትን መንደር ለማየት ቪዛ ለምኖ፣ ለምን እንደሚሄድ ተጠይቆ፣ ብዙ ጊዜም ተከልክሎ ይቀራል። አራተኛው ትውልድ ባልፈጸመው፣ ባልመረጠውና ባላየው ነገር ይቀጣል።

ይህ ዓይነቱ በደል በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። በኦገስት 2022 ሕንድና ፓኪስታን በዱባይ የክሪኬት ግጥሚያ ካደረጉ በኋላ በእንግሊዝ የሌስተር ከተማ በሂንዱና በሙስሊም ወጣቶች መካከል ለሳምንታት የዘለቀ ሁከት ተነሣ። ሌስተር በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን በ90 ቀን ውስጥ ውጡ ብሎ ከኡጋንዳ ሲያባርር ብዙ ተፈናቃዮችን የተቀበለች ከተማ ናት። ኢዲ አሚን ሂንዱውን ከሙስሊሙ ለይቶ አላባረረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ተባረው በሰፈሩበት ከተማ ልጆቻቸው በጎራ ተሰለፉ። መንስኤው ብዙ ነው፤ በማኅበራዊ መገናኛ የተነዛው የሐሰት ወሬና ከክፍለ አህጉሩ የሚነፍሰው የአክራሪነት ነፋስ ይገኙበታል። ነፋሱ እሳት ሊያነሣ የቻለው ግን ከአመዱ ሥር ያልጠፋ ፍም ስላገኘ ነው።

በፋብሪካ በር የፈረሰው ግድግዳ

እንግዲህ ይህ መለያየት የማይቀር ዕጣ ነውን? የስደተኛው ሠራተኛ የራሱ ታሪክ አይደለም ይላል። በ1938 በኮቨንትሪ ከተማ የሕንዳውያን ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ከዚያ ትውልድ አንዱ የነበረው ኡድሃም ሲንግ በማርች 1940 በ1919 የአምሪትሳር እልቂት ጊዜ የፑንጃብ አገረ ገዥ የነበሩትን ሰር ማይክል ኦድዋየርን በለንደን ገደለ፤ በዚያው ዓመትም ተሰቀለ። በእስር ሳለ ስሜ ራም መሐመድ ሲንግ አዛድ ነው ይል ነበር። ሂንዱን፣ ሙስሊምንና ሲክን በአንድ ያሰረ፣ በመጨረሻም ነጻ የሚል ቃል የጨመረ ስም ነው። የበቀል ግድያ ነጻነትን እንደማያመጣ ቢታወቅም፣ ስሙ የዚያ ትውልድ ምኞት ምን እንደነበር ያስረዳል።

በ1974 በሌስተር የኢምፔሪያል የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ የእስያ ሠራተኞች በደመወዝና በአድልዎ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ የአካባቢው የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ድጋፍ ነሷቸው። ከ1976 እስከ 1978 በለንደን በግራንዊክ የፎቶግራፍ ማጠቢያ ድርጅት ጃያቤን ዴሳይ የመሯቸው፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሴቶች አድማ ሲመቱ ግን የእንግሊዝ የማዕድን ቆፋሪዎችና የፖስታ ሠራተኞች ጭምር ከጎናቸው ቆሙ። አድማው በድል አልተፈጸመም። ሆኖም እስያዊት ሴት ሠራተኛ ታዛዥና ዝምተኛ ናት የሚለውን የአሠሪዎች ተረት ለዘለዓለም ሰበረው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይህ ነው።

በጎዳናም ያው እውነት ተገለጠ። በሜይ 1978 አልታብ አሊ የተባለ የባንግላዴሽ ተወላጅ የልብስ ሰፊ ሠራተኛ ከሥራው ሲመለስ በምሥራቅ ለንደን በዘረኞች ተገደለ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሬሳ ሣጥኑን ተከትለው ወደ ለንደን መካከል ተጓዙ፤ ከእነርሱም መካከል የየሃይማኖቱና የየአገሩ ሰዎች ነበሩ። የተገደለበት ሥፍራ ዛሬ በስሙ የሚጠራ መናፈሻ ነው። ዘረኛው ጩቤውን ሲመዝ የፊት ለፊቱን ሰው ከራድክሊፍ መስመር በየትኛው ወገን እንደመጣ አልጠየቀውም። የተጠቂዎቹ ልጆችም ይህን ስላስተዋሉ በሳውዝሆልና በብራድፎርድ ባቋቋሟቸው የወጣቶች ማኅበራት ሕንዳዊ ወይም ፓኪስታናዊ ማለትን ትተው እስያዊ በሚለው የወል ስም ተሰባሰቡ።

ከዚያ ወዲህ ግን ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። የሱፍ መፍተያውም ብረት ማቅለጫውም ጠፉ፤ ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ የሚገናኝበት የሥራ ቦታ ሲጠፋ የወል ስሙም አብሮ ደከመ። የከተማ ምክር ቤቶች ለየሃይማኖቱ ማኅበር የተለየ በጀት ማደል ሲጀምሩ ደግሞ እያንዳንዱ በየሣጥኑ ገባ። የ1909ኙ ሕግ መንፈስ በበጎ አድራጎት ልብስ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚቀረው ምስክርነት

በ1947 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ዘጠና ተጠግቷል። ከእነዚህ አረጋውያን ብዙዎቹ ያዩትን ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ኖረዋል። ዝምታው ከሐዘን ብቻ የመጣ አይደለም። በአንዳንዱ ቤት የተጠለፈች እኅት አለች፤ በአንዳንዱም ደም ያፈሰሰ እጅ አለ። ሽማግሌው ዝም ሲል የልጅ ልጁ ታሪኩን ከሌላ ቦታ፣ ጥላቻን ከሚቸረችሩ ሰዎች ይሰማዋል። እነርሱም የሚነግሩት ግማሹን ነው፤ የወገኑን ለቅሶ እንጂ የጎረቤቱን አይነግሩትም።

ስለሆነም የምስክርነቱ መሰብሰብ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ በበርክሊ ከተማ የተመሠረተው የ1947 ክፍፍል መዝገብ ከሁሉም ወገን ከ10 ሺህ በላይ የቃል ምስክርነቶችን አከማችቷል። በ2017 በአምሪትሳር የክፍፍሉ ሙዚየም ተከፍቷል። በእነዚህ ቃሎች ውስጥ ከእልቂቱ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ይደጋገማል፦ ሲኩን በጎተራ የደበቀ ሙስሊም፣ የሙስሊሟን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ ሂንዱ፣ ቁልፉን ለጎረቤቱ ሰጥቶ በቶሎ እመለሳለሁ ብሎ የሄደ ሰው።

መስመሩ ራሱ አልደከመም። በኖቬምበር 2019 የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉበትን፣ ከድንበሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በፓኪስታን የሚገኘውን የከርታርፑር ቤተ መቅደስ ምእመናን ያለ ቪዛ እንዲሳለሙ መተላለፊያ ተከፍቶ ነበር። ከካናዳና ከእንግሊዝ የመጡ አረጋውያን በዚያ ለሰባ ዓመት ያልተያዩ ዘመዶቻቸውን አቅፈው አለቀሱ። በኤፕሪል 2025 በካሽሚር በፓሃልጋም በቱሪስቶች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ሕንድ የኢንደስ ውኃ ስምምነትን ማገዷን አስታወቀች፤ በሜይ ሁለቱ አገሮች ሲታኮሱም ወደ ከርታርፑር የሚወስደው መተላለፊያ ተዘጋ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። የዚህ ሣር ሥር ግን ከሌስተር እስከ ቫንኩቨር ተዘርግቷል።

በመሆኑም በባሕር ማዶ ያለው ትውልድ በሁለት ውርሶች መካከል ቆሟል። አንደኛው አምስት ሳምንት በፈጀ ሥራ የተሰመረው መስመር ነው፤ ይህን ውርስ ለመቀበል ምንም ድካም አይጠይቅም፤ ሣጥኑን መምረጥና ጠላትን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው የጋዳሮች፣ የማክን ሲንግና የግራንዊክ ሴቶች ውርስ ነው፤ ይህ ግን ማወቅን፣ መጠየቅንና የጎረቤትን ሐዘን መስማትን ይጠይቃል። ድንበሩን ያሰመሩት ሰው ወረቀታቸውን አቃጥለዋል። የተሰደደው ሕዝብ ትዝታ ግን ገና አልተቃጠለም። አያቶች በሕይወት ሳሉ ያን ትዝታ መጠየቅና ለጎረቤት ልጅም ማካፈል ከማንኛውም መንግሥት ፈቃድ የማያስፈልገው፣ ድንበሩን ከሰው ልብ የማንሣት የመጀመሪያው ሥራ ነው።